ፒንግ ይመልሳል፣ ሥራው ግን አይሠራም፦ አራት ቢሮዎችን በቪፒኤን ያገናኘንበት መንገድ

ስለ ቪፒኤን (ቢሮዎችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መንገድ የሚያገናኝ ዘዴ) አተካከል የሚጻፈው መመሪያ አብዛኛው ሁለቱ ራውተሮች እንደተያያዙ ያበቃል። ዋናው ችግር የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የአዲስ አበባውን ዋና መሥሪያ ቤት ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳርና ከድሬዳዋ ቅርንጫፎች ጋር ሳገናኝ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ቀላሉን ቶሎ ቶሎ አልፌ የከበደው ላይ እቆያለሁ።

መሣሪያው በየቢሮው አንድ ማይክሮቲክ ራውተር ነው። ሶፍትዌሩ ራውተር ኦኤስ 7 መሆን አለበት፣ ስሪት 6 ላይ የመረጥነው የቪፒኤን ዓይነት፣ ዋየርጋርድ፣ የለምና። አይፒሴክ የሚባለው ሌላው የቪፒኤን ዓይነትም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን ያለባቸው ቅንብሮች ይበዛሉ፣ አንዱ ሲለያይ የሚወጣው መልእክትም ምክንያቱን አይናገርም። ዋየርጋርድ ላይ ቢሮዎቹ የሚለዋወጡት የሕዝብ ቁልፋቸውን ነው። የግል ቁልፉ እዚያው ራውተሩ ላይ ይፈጠር፣ ከዚያም አይውጣ። በቴሌግራም የተላከ የግል ቁልፍ ካለ ወዲያው ይቀየር።

አድራሻ፦ 192.168.1.0 የሚለውን ከፋብሪካ የመጣ ኔትወርክ ከየቅርንጫፉ አውጡ። ለዋናው ቢሮ 10.20.1.0/24፣ ለሐዋሳ 10.20.2.0/24 እያልን ቀጠልን። ሁለት ቢሮ አንድ ዓይነት ኔትወርክ ከያዙ ታነሉ (ቢሮዎቹን የሚያገናኘው የተመሰጠረ መስመር) ቢነሳም መልስ ወዴት እንደሚላክ አይታወቅም። ፕሪንተሮችና የጣት አሻራ መቆጣጠሪያዎች አድራሻቸው በእጅ የተሞላ ስለሆነ አንድ በአንድ ይዞራሉ።

ቋሚ የሕዝብ አይፒ የገዛነው ለአዲስ አበባ ብቻ ነው። የቅርንጫፉ ራውተር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር አይፒ ከተሰጠው የኢንተርኔት አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ አይፒ እያወጣ ነው፤ ከውጭ ወደ ቅርንጫፉ መግባት አይቻልም። ይህ እንቅፋት አይሆንም። ግንኙነቱን ቅርንጫፉ ይጀምር፣ ኪፕአላይቩ (ግንኙነቱ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከው ትንሽ ፓኬት) 25 ሰከንድ ይሁን፣ በዋናው ራውተር ፋየርዎል ላይ ደግሞ ዋየርጋርድ የሚቀበልበት የዩዲፒ ፖርት 51820 ይከፈት። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ቋሚ አይፒ ግዙ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። ማይክሮቲክ ላይ የየቅርንጫፉን ኔትወርክ ራውት በእጅ ማስገባት እንዳይረሳ። የላኪውን አድራሻ በራውተሩ አድራሻ የሚተካው የማስኬሬድ ደንብም ወደ ኢንተርኔት በሚወጣው ፖርት ብቻ ይወሰን፤ አለዚያ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ሁሉ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ በአንድ አይፒ ይታያል።

«የግል መስመር ከተከራያችሁ ቪፒኤን አያስፈልግም» የሚለውን ምክር አልቀበልም። እንዲህ ያለው መስመር የሚሠራበት ኤምፒኤልኤስ የእናንተን ትራፊክ ከሌላው ደንበኛ ይለያል እንጂ አይመሰጥረውም። ብትከራዩም በላዩ ላይ ዋየርጋርድ ጫኑበት።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልምጣ። ሐዋሳና ባሕር ዳር በፋይበር ወዲያው ሠሩ። ድሬዳዋ ፋይበር እስኪገባ በፎርጂ ሞደም ነበር የምትጠቀመው። ታነሉ ተነሳ፣ ሃንድሼኩ (ሁለቱ ራውተሮች በቁልፍ የሚስማሙበት ልውውጥ) በሁለት ደቂቃ አካባቢ ይታደሳል፣ ፒንግ (ሌላው ጫፍ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ይመልሳል። ሪሞት ዴስክቶፕ ግን የይለፍ ቃሉን ይቀበልና ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል። ፋይል ሲቀዳ ዜሮ ፐርሰንት ላይ ይቆማል። ትንንሽ ገጾች ይከፈታሉ፣ ትልልቆቹ አይከፈቱም። እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ ካያችሁ መጀመሪያ የፓኬት መጠንን መርምሩ።

አቅራቢው ጋ ሲደወል የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «ፒንግ ይመልሳል፣ ስፒድ ቴስቱም ጥሩ ነው፣ ራውተራችሁን ቀይሩ።» ይህ መልስ እስካሁን ያናድደኛል። የዊንዶውስ ፒንግ ካልነገራችሁት በቀር የሚልከው 32 ባይት ነው፤ 32 ባይት የማያሳልፍ መስመር የለም። ስፒድ ቴስቱ ደግሞ ከታነሉ ውጭ ነው የሚሄደው። ሁለቱም ደንበኛው የጠየቀውን ነገር አይለኩም፣ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የመስመሩን ፍጥነት ከፍ አድርጉም ተብለናል። ትልቁን ፓኬት የማያሳልፍ መስመር ግን ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆንም አያሳልፈውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በኢተርኔት ላይ የተለመደው ትልቁ ፓኬት 1500 ባይት ነው። ዋየርጋርድ በአይፒቪ4 ላይ 60 ባይት ይጨምራል፦ 20 ለአይፒ፣ 8 ለዩዲፒ፣ 32 ለራሱ። አይፒቪ6 ላይ ጭማሪው 80 ስለሚሆን የታነሉ ኤምቲዩ (የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ሳትነኩት 1420 ሆኖ ይመጣል። እንግዲህ 1420 ባይት የሞላ ፓኬት በአይፒቪ4 ሲመሰጠር 1480 ይሆናል። ፒፒፒኦኢ የሚባለውን የመግቢያ ስልት የሚጠቀም ፋይበር 1492 ስለሚያሳልፍ አይቸገርም። የእኛ የፎርጂ መስመር ግን 1400 ላይ ይቆም ነበር። 1480ው መንገድ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። የፖርት ቁጥሩ ያለው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ቁራጭ አድራሻ የሚቀይረው የአቅራቢው መሣሪያ ጋ ሲደርስ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ይጣላል። አንዱ ቁራጭ ከጎደለ ተቀባዩ ፓኬቱን መገጣጠም አይችልም። ላኪው ምንም የስህተት መልእክት ስለማይደርሰው ያንኑ መጠን ደጋግሞ ይልካል፣ ደጋግሞም ይጠፋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ታነሉን ትታችሁ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው ቢሮ የሕዝብ አይፒ፣ ፓኬቱ እንዳይቆረጥ የሚከለክለውን ምርጫ አብርታችሁ ፒንግ ላኩ። ዊንዶውስ ላይ ከ1472 ጀምሩ፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1500 ይሆናል። ማይክሮቲክ ራሱ ላይ ስትሞክሩ ግን መጠኑ ራስጌውን ጨምሮ ስለሚቆጠር 1500 ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚያልፈው ትልቁ ቁጥር እስኪገኝ ቀንሱ። እኛ ጋ 1372 አለፈ፣ 1373 አላለፈም። 1372 ላይ 28 ሲደመር 1400፣ ከዚያ 60 ሲቀነስ 1340። የታነሉ ኤምቲዩ ይህ ነው። ለዚህ ልኬት ዋናው ራውተር ለፒንግ መመለስ አለበት። ፒንግ የሚሄድበትን አይሲኤምፒን ሙሉ በሙሉ ዝጉ የሚለው የደኅንነት መመሪያ እንዲህ ያለውን ችግር የሚደብቅ ጎጂ ልማድ ነው።

1340ን በሁለቱም ጫፍ አስገቡ። በቅርንጫፉ ብቻ ከተስተካከለ መላክ ይሠራል፣ መቀበል ግን እንደቆመ ይቀራል። ዋየርጋርድ ላይ ኤምቲዩ የሚሰጠው ለኢንተርፌሱ እንጂ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አይደለም፤ ስለዚህ ወይ ዝቅተኛው ቁጥር ለሁሉም ይሆናል፣ ወይ ለዚያ ቅርንጫፍ በ51821 ሌላ ኢንተርፌስ ይከፈታል። ለሁሉም 1340 ነው ያደረግኩት፤ በፋይበሮቹ ላይ የጠፋው ፍጥነት አይታይም። ከዚያ በራውተሩ ማንግል (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሻሽሉ ደንቦች ያሉበት ክፍል) ፎርዋርድ ሰንሰለት ላይ፣ የቲሲፒ ግንኙነት የሚጀምሩትን የሲን ፓኬቶች ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫነው ትልቁ የዳታ መጠን) ወደ 1300 የሚያወርድ ደንብ በሁለቱም አቅጣጫ ይጨመር። ብዙ ሰው ይህን ደንብ ብቻ ጨምሮ ይተዋል። አይበቃም፦ ሪሞት ዴስክቶፕና የአይፒ ስልክ ዩዲፒም ይጠቀማሉ፣ ኤምኤስኤስ ደግሞ ዩዲፒን አይነካም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም የሒሳብ ፕሮግራሙን የፒችትሪን ዳታ ፎልደር በታነሉ ሼር አድርጋችሁ ከቅርንጫፍ አትክፈቱ። ፕሮግራሙ የተሠራው ለአንድ ሕንጻ ኔትወርክ ነው፤ አንድ መስኮት ለመክፈት ከሰርቨሩ ጋር ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ መስመሩ መሀል ላይ ከተቋረጠም ዳታው ሊበላሽ ይችላል። የቅርንጫፉ ሒሳብ ሠራተኛ በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ይሥራ፤ ሲቋረጥ የከፈተው ሥራ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይጠብቀዋል። የሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት 3389 ለታነሉ ብቻ ይከፈት፣ ለኢንተርኔት በፍጹም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠር አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዋየርጋርድ አሮጌ ሃንድሼክ ተቀድቶ እንዳይላክበት በእያንዳንዱ ሃንድሼክ ላይ ሰዓት ያትማል፤ ተቀባዩ ካየው የመጨረሻ ሰዓት ወደ ኋላ የሆነውን አይቀበልም። የሰዓት ባትሪ የሌለው ራውተር ደግሞ ሲነሳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በቀጥታ ያምጣ። የሰዓት ሰርቨሩም ሆነ ዲኤንኤሱ በታነሉ በኩል ብቻ የሚገኙ ከሆነ ሰዓት ለማግኘት ታነል፣ ታነል ለማንሳት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ቅርንጫፉም እንደተቆረጠ ይቀራል። ዩፒኤሱ ላይ ራውተሩና ስዊቹ ብቻ ሳይሆኑ የፋይበሩ ሞደምም ይሰካ። ርክክብ ከመፈረሙ በፊት የቅርንጫፉን መብራት ከቆጣሪው፣ ዩፒኤሱንም ጨምራችሁ አጥፍታችሁ አብሩት፤ ማንም ራውተሩን ሳይነካ ሃንድሼኩ በራሱ መመለስ አለበት።