ሮስተሬን በኤክሴል ሰርቼ ፕሪንት ለማድረግ ሦስት ጊዜ ደብረ ማርቆስ የተመላለስኩበት ነገር

ሆምሩም (የአንድ ክፍል ኃላፊ) የሆነ መምህር ሁሉ የሰኔን ጭንቀት ያውቀዋል። ሰኔ 30 ልጆቹ ሰርተፍኬት ሊወስዱ ይመጣሉ፣ ከዛ በፊት ሮስተሩ፣ የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት በሙሉ የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ፣ ተሞልቶ ተፈርሞ ማህተም ተመትቶበት መዝገብ ቤት መግባት አለበት። እኔ አማኑኤል አካባቢ የ8ኛ ክፍል ሆምሩም ነበርኩ፣ 62 ተማሪ፣ እና የዛን ዓመት በእስክሪብቶ መስመር ሳሰምር ከማድር በኤክሴል ልስራው ብዬ ተነሳሁ። ድምሩም አማካዩም ደረጃውም በፎርሙላ ይወጣል፣ ሁለት ማታ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ያስቸገረኝ ወረቀት ላይ ማውጣቱ ነው።

ሮስተር ሰርታችሁ ለማታውቁ፣ አንድ ተማሪ ሦስት ሮው (አግድም መስመር) ይይዛል፣ አንደኛ ሴሚስተር፣ ሁለተኛ ሴሚስተር፣ አማካይ። 62 ተማሪ ማለት 186 ሮው ነው። ወደ ጎን ደግሞ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሴሚስተር፣ አስር ትምህርት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጸባይ፣ የቀረበት ቀን፣ ውሳኔ ብላችሁ ስትቆጥሩት 21 ኮለም (ቁልቁል ዓምድ) ይሆናል።

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ማርቆስ ሄድኩ። ፕሪንት ቤት ያለችው ልጅ ከፍታ ኮንትሮል ፒ ስትል ስምና አማርኛ እንግሊዝኛ አንድ ወረቀት ላይ፣ ከፊዚክስ ወዲያ ያለው ደግሞ ስም በሌለበት ሌላ ወረቀት ላይ ሆኖ መጣ። እሷም ልትረዳኝ ብላ ፊት ሺት ኦን ዋን ፔጅ (ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አስገባ) የሚለውን መረጠችና "ቲቸር ይኸው ገባልዎት" አለችኝ። ገባ፣ ግን ከነርዕሱ 190 ሮው አንድ ኤ4 ላይ ለማስገባት ኤክሴል በጣም ነው ያሳነሰው፣ ፊደሉ ጤፍ አከለ። መሸብኝ፣ መብራትም ሊሄድ ይችላል፣ በቃ ይሁን ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

መዝገብ ቤት የሚሰሩት ጋሼ ወረቀቱን አይተው ምንም አላሉም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የቆየ ሮስተር አወረዱና ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። የአንዲት ልጅ የሂሳብ ውጤት ላይ ጣታቸውን አድርገው "ይቺ 3 ናት 8?" አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት፣ አልለየሁትም። ልጅቷ አድጋ ለስራ ትራንስክሪፕት ልታወጣ ከሩቅ መጥታ እንደዛው ቆማ እንደጠበቀች ነገሩኝ። ከዛ በኋላ ያንን ጤፍ የሚያክል ወረቀት ማስረከብ አልቻልኩም፣ እነዚ 62 ልጆች ነገ የሚመጡት ለዚህ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ማታ ተቀምጬ ያደረኩት ይሄ ነው። መጀመሪያ ፔጅ ሌይአውት ውስጥ ሳይዝ የሚለውን ሳየው ሌተር ላይ ነው ያለው፣ እኛ ጋ ያለው ወረቀት ግን ኤ4 ነው፣ ቀየርኩት። ላንድስኬፕ አደረኩት። ቀጥሎ ትልቁ ነገር፣ ስኬሉን (የሚታተምበትን መጠን) ከመንካቴ በፊት ኮለሞቹን ራሳቸውን አጠበብኳቸው። ሁለት አሃዝ ለሚጻፍበት ውጤት ኤክሴል ዝም ብሎ የሚሰጠው 8.43 ስፋት በጣም ብዙ ነው፣ 5 ይበቃዋል። ግን "እንግሊዝኛ" የሚለው ርዕስ 5 ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ የትምህርቶቹን ስም በኦሪየንቴሽን ወደ ላይ አቆምኳቸው። ይቺን ብቻ ብታደርጉ ራሱ ግማሹ ችግር ይቀላል። የስም ኮለሙን ግን አልነካሁትም፣ የአያት ስም መቆረጥ የለበትም።

ማርጂኑን ናሮው ብዬ ነበር፣ ግን ናሮው ግራና ቀኝ 0.25 ኢንች ብቻ ነው የሚተወው፣ ወረቀቱ ደግሞ ተበስቶ ፋይል ውስጥ ስለሚገባ ተራ ቁጥሩን ይበላዋል፣ ስለዚህ የግራውን ብቻ መልሼ አሰፋሁት።

ከዛ ዊድዝ 1 ፔጅ፣ ሃይት ኦቶማቲክ። ወደ ጎን አንድ ገጽ ይሁን ወደ ታች የፈለገውን ያህል ይሂድ ማለት ነው። ጥሩ ወጣ፣ ግን አንዱ ተማሪ አንደኛ ሴሚስተሩ ገጽ 1 ላይ፣ አማካዩ ገጽ 2 ላይ ተቆርጦ ሄደ። ፔጅ ብሬክ (ገጹ የሚቆረጥበትን ቦታ) በእጄ ባስገባም አልቆጠረልኝም፣ ለካ እንዲህ በገጽ ቁጥር እንዲያስገባው፣ ማለትም ፊት ቱ የሚለውን፣ ስትመርጡ ኤክሴል በእጅ የገባ ብሬክን ይተወዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ወደ ኦቶማቲክ መለስኩና ስኬሉን ራሴ ከ100 እየቀነስኩ ስሞክር 90 ላይ ሁሉም ኮለም ገባ። አንድ ገጽ 9 ተማሪ ማለትም 27 ሮው ይይዛል፣ ርዕሱ 4 ሮው ስለሆነ የመጀመሪያው ብሬክ ሮው 32 ላይ፣ ቀጥሎ 59፣ 86 እያልኩ በ27 በ27 አስገባሁ፣ 7 ገጽ ሆነ፣ መጨረሻው ላይ 8 ተማሪ። ፕሪንት ታይትልስ ውስጥ ገብቼ ከሮው 1 እስከ 4 ያለው በየገጹ አናት ላይ እንዲደገም አደረኩት፣ አለበለዚያ ገጽ 5 ላይ የቱ ፊዚክስ የቱ ኬሚስትሪ እንደሆነ ማን ያውቃል። ከታችም የገጽ ቁጥር።

ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ማርቆስ ሄድኩ፣ ፋይሉ እሷ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ተበላሽቶ ቁጭ አለ። ስም የጻፍኩበት የግዕዝ ፎንት እሷ ጋ የለም፣ ፕሪንተሩም ሌላ ነው፣ ሮዎቹ ከፍ ከፍ አሉ፣ የውሳኔ ኮለም ብቻውን ሌላ ወረቀት ላይ ወጣ፣ አማካዩ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ጠፍቶ #### ሆነ። እዛው ላስተካክል ብል ወረፋው ብዙ ነው፣ ሰኔ ነዋ፣ መምህሩ ሁሉ እዛ ነው ያለው። ተመልሼ የአማካዩን ኮለም ትንሽ አሰፋሁትና ራሴ ላፕቶፕ ላይ ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ አልኩት። ፒዲኤፍ እንደሰራችሁት ነው የሚሄደው፣ የትም ቢከፈት አይንቀሳቀስም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ልጅቷን "እህቴ ፊት እንዳትይው፣ አክቹዋል ሳይዝ በይልኝ፣ መጀመሪያ ገጽ 7ን ብቻ አውጪልኝ" አልኳት። ገጽ 7ን የመረጥኩት የተዛባ ነገር ካለ ተጠራቅሞ የሚታየው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። 8ቱም ልጆች ሦስት ሦስት ሮዋቸውን ይዘው ከነርዕሳቸው ወጡ፣ ከዛ ሁሉንም በሁለት ኮፒ አስወጣሁ።

ጋሼ ሲረከቡኝ እንደለመዱት ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ በጣታቸው ሂሳብ የሚለውን ኮለም እስከ ታች ወረዱና ፈረሙልኝ። ያንን ፋይል እስካሁን አለኝ፣ በየዓመቱ ሴቭ አዝ እልና ስምና ውጤት ብቻ እቀይራለሁ፣ ተማሪ ሲጨምር ደግሞ ሌላ ብሬክ ሮው 194 ላይ።