ለሐዋሳ ጉሬዛ ዳቦ አትስጡት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የሚሄድ ሰው ዳቦና ሙዝ ይዞ መሄድ ለምዷል። ጉሬዛው ወርዶ ከእጅ ሲቀበል ደስ ያሰኛል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል በል ነው። ጨጓራው እንደ ላም በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠሉንም የሚያብላሉለት ውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዳቦ፣ ብስኩትና ጣፋጭ ነገር ሲገባ ቶሎ ይቦካል፣ አሲዱ ይበዛል፣ ሆዱም ይነፋል። ባክቴሪያዎቹ ከተጎዱ ደግሞ የለመደውን ቅጠል እንኳ ማብላላት ያቅተዋል። ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስታዩት «ራበው» አትበሉ፤ እያብላላ ነው። ጦጣ ሌላ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ የፌስታል ድምፅ ሲሰማም ይነጥቃል። ስለዚህ ምግብ ካላችሁ ቦርሳ ውስጥ ዝጉት።

ጉሬዛን በደንብ ለማየት ከንጋቱ 12:30 እስከ 2:30 ያለው ሰዓት ይመረጣል። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት እየመታች ጥቁሩን ፀጉር ጥላ ብቻ ታደርገዋለች። ሾላውን ከታች ወደ ላይ ቃኙ፤ መጀመሪያ የሚታየው ከቅጠሉ ሥር የተንጠለጠለው ነጭ የጭራ ጫፍ ነው። አቅራቢ መነጽር ካላችሁ እጁን ተመልከቱ፦ አውራ ጣቱ ትንሽ ጉጥ ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉን የሚይዘው በአራቱ ጣቶቹ አጥፎ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል ካያችሁ ገና የተወለደ ነው፤ የእናቱን መልክ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። እናትየው አፏን እየከፈተች በምላሷ «ቀጭ ቀጭ» ካለች ቀርባችኋልና ወደ ኋላ በሉ።

እዚያው ዓሣ ገበያው ላይ የሚቆመው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። እግሩ ነጭ የሚመስለው በራሱ ኩስ ስለሚቀባው ነው፤ ፈሳሹ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። የቆሮሶና የአምባዛ ሆድ ዕቃ ይበላል፤ ችግሩ አብሮ የሚጣለው መንጠቆና የናይለን ክር ነው። ክሩ እግሩ ላይ ከተጠመጠመ እየጠበቀ ሄዶ ደም ያግዳል። ስለዚህ የተበጠሰውን ክር መሬት ላይ አትጣሉት፤ ቆራርጣችሁ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት።