የጣና ገመድ ለሎጎ አጠረ

ባሕር ዳር ላይ ጀልባዋን አይሱዙ ላይ ስንጭን ገና አልነጋም ነበር። አምስት ሜትር ተኩል የምትሆን ነጭ የፋይበር ጀልባ ናት። ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። የገዛት ጓደኛዬ ወሎ ውስጥ ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። አገሩ ገብቶ በሎጎ ሐይቅ ላይ እንግዳ ማዞር ሊጀምር ነው። እኔ ጣና ላይ ስምንት ዓመት ሞተር ይዣለሁ። «ሁለት ሦስት ቀን አብረኸኝ ሁንና እጄን አስለምደኝ» ሲለኝ ዓይኔን አላሸሁም።

መንገዱ ረጅም ነው። ወረታን፣ ደብረ ታቦርን አልፈን ነፋስ መውጫ ላይ ቁርስ በላን። እዚያ ጀልባዋን የሸፈንበት ሸራ ሲርገበገብ ሁለት ጊዜ ወርጄ አጠበቅኩት። ጋሸና ከደረሱ በኋላ ወሎ ነው። የድልብን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሾፌራችን በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ወረደው። ወልድያ ምሳ፣ መርሳ ሻይ። ውጫሌን ስናልፍ ስለ 1881 ዓ.ም. ውል ያነሳ የለም፤ የምናወራው ስለ ገመድ ነበር። ጓደኛዬ ስንት ሜትር ገመድ እንደያዝን ጠየቀኝ። «50 ሜትር። ጣና ላይ 30 በቅቶኝ ያውቃል» አልኩት። በዚህ መልሴ በጣም እርግጠኛ ነበርኩ።

ሐይቁ ከመንገዱ ላይ ድንገት ነው ብቅ የሚለው። ከጣና አንጻር ትንሽ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ሎጎ 23 ገደማ ነው። ጥልቀቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጣና በጣም ጠለቀ በተባለበት ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ሎጎ ከ80 ሜትር ያልፋል። ይህን ቁጥር ሰምቼው አውቃለሁ። ግን ሰምቼው ነበር እንጂ አላሰብኩበትም።

ጓደኛዬ ያሠራት የጀልባ ማረፊያ ከባሕር ዛፍ ግንድ የተሠራች መድረክ ናት። ወደ ውሃው አሥር እርምጃ ያህል ትገባለች። ምሰሶዎቿ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ታስሯል። ጀልባዋን በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ላይ አወረድናት። ትንሽ ዞር ዞር ብለን ስንመለስ ነፋሱ ተነስቷል። ውሃው በየቦታው ጠቆር ጠቆር ይላል። ነፋሱ በቀኝ ትከሻዬ በኩል ከኋላ ይመጣል። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የለመድኩት ከነፋስ የተከለለ ማረፊያ ነው።

ለመድረኳ 20 ሜትር ሲቀረኝ ማርሹን ዜሮ አደረግኩት። ጀልባዋ ግን አልዘገየችም። ነፋሱ እየገፋት ነው። ይህ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር መሪ የሚሆነው ውሃ ሲገፋ ነው። ዜሮ ላይ ሲሆን መሪውን ብታዞረው የሚሰማህ የለም። አፍንጫዋ ወደ ግራ ሸሸ፣ ጀልባዋ ተንጋደደች። ሪቨርስ አስገባሁ፤ ዘግይቷል። ጓደኛዬ መድረኩን ለመግፋት እግሩን ዘረጋ።

«እግርህን አግባ!» የሚል ድምፅ ከዳር ሰማን።

አገባ። ወዲያው ጎማ በሌለበት ጠርዝ ላይ ጓ አለች። ቀለሙ ተሰነጠቀና የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ የፋይበሩ ክር ታየ። ጀልባዋ ከነሞተሯና ከነሰዉ ከግማሽ ቶን በላይ ናት። እግሩ መሀል ቢገባ ኖሮ አጥንት ነበር የሚሰበረው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን እንዳይረሳ እለምናለሁ፤ ጀልባና መድረክ መሀል እጅም እግርም አይገባም። የተሰነጠቀ ፋይበር ይጠገናል።

የጮኹልን ሰው በዚያ ዳርቻ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ የነዱ አዛውንት ናቸው። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው መድረኳ ላይ ወጡና ገመዳችንን ተቀበሉን። እቆጣለሁ ብለው አልነበረም የመጡት። «አብሽሩ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከየት ነህ የኔ ልጅ?»

«ከባሕር ዳር ነኝ ጋሼ።»

«ነፋሱ ፍሬንህ ነው። ከኋላህ ስታደርገው ያለ ፍሬን መጣህ። ዞረህ ፊት ለፊት ስጣት።»

ያን ቀን እስከ አስር ሰዓት ድረስ ከዚህ ሌላ ነገር አልሠራንም። ከመድረኳ ራቅ ብለን እንዞራለን። ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን እናልፍና ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መልሰን እንቀርባለን። ልዩነቱ የሚገርም ነው። ማርሹን ዜሮ ስታደርገው ነፋሱ ራሱ ያቆማታል። ልትቆም ስትል ትንሽ ወደፊት ነካ ታደርጋታለህ፣ ትመልሰዋለህ። ነካ፣ መለስ። የሰው እርምጃ በሚያህል ፍጥነት መድረኳ ዘንድ ትደርሳለች። ካልተመቸህ ምንም ሳትመታ ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስድሃል፣ እንደገና ትሞክራለህ።

መጀመሪያ የሚታሰረው የፊቱ ገመድ ነው። አፍንጫዋ ካልተያዘ ነፋሱ ይዟት ይዞራልና። እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር አሳዩን። ገመዱን ለማሰር አይቸኩሉም። ምሰሶው ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጥሙትና ጫፉን በሁለት ጣት ይይዙታል። ጀልባዋ ስትጎትት ትንሽ ይለቃሉ፣ ያዝ ያደርጋሉ፣ ደግሞ ይለቃሉ። እንጨቱ ላይ ገመዱ ሲፋጭ ይጮሃል። በሁለት ጣት ግማሽ ቶን ቆመ። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ገመድ በጉልበት ስጎትት ነበር።

ነፋሱ በቀጥታ ወደ መድረኳ ሲነፍስስ? ያኔ ከመድረኳ የአንድ ጀልባ ወርድ ያህል ርቀህ፣ ጎን ለጎን ሆነህ ትቆማለህ። የቀረውን ነፋሱ ያስጠጋሃል። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው። ነፋሱ ከመድረኳ ጋር አጣብቆ ይይዝሃል፣ ብትገፋም አትላቀቅም። መፍትሔው መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ከአፍንጫዋ የተነሳ ገመድ ወደ ኋላ ሄዶ ምሰሶ ላይ ይያዛል። ሌላው ገመድ ሁሉ ይፈታል። አፍንጫዋ ጎን ጎማ ይደረጋል። ከዚያ ማርሹን ወደፊት አስገብተህ፣ መሪውን ወደ መድረኳ አዙረህ በጣም በዝግታ ትገፋለህ። ገመዱ ስለሚይዛት ወደፊት መሄድ አትችልም፤ ኋላዋ ነፋሱን እየገፋ ወደ ውጭ ይከፈታል። በደንብ ሲከፈት ገመዱን ሰብስበህ በሪቨርስ ትወጣለህ። ጓደኛዬ በሦስተኛው ሙከራ ሲሳካለት «አየኸው!» ብሎ ጮኸ። አይቼዋለሁ። እኔም እንደ እሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ የት ትደር የሚለው ጥያቄ መጣ። መድረኳ ላይ አስረን ብንተዋት ሌሊቱን ሙሉ ከጎማው ጋር ስትላተም ታድራለች። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ቀላል የመሰለ ማሰሪያ ሌሊት ሊበጠስ ይችላል። ከዳር ወጣ ብላ በመልሕቅ እንድታድር ወሰንኩ። ውሳኔው የእኔ ነበር። አዛውንቱ ለሶላት ሄደዋል፤ ልጠብቃቸው ይገባኝ ነበር።

የማውቀውን ሁሉ በሥርዓቱ አደረግኩት። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ ጥልቀቱን ለካሁ፤ 6 ሜትር። አፍንጫዋ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ያህል ነው። ሲደመር 7። ነፋስ ባለበት ገመዱ የዚህ ሰባት እጥፍ ይሁን ይባላል። 49 ሜትር። 50 አለኝ። መልሕቃችን ከፌሮ ብረት የተበየደ ባለ አራት ጥፍር ነው። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሬ፣ ቆማ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር መልሕቁን ሳልወረውር ቀስ ብዬ አወረድኩት። ገመዱን እየለቀቅኩ ነፋሱ ወደ ዳር ወሰዳት። መጨረሻ ላይ በሪቨርስ ጎተትኩት። ነከሰ። ከዚያ የመድረኳን ምሰሶና ከኋላዋ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ማዕዘን በአንድ መስመር ያዝኩ። ጀልባዋ ከተንሸራተተች ሁለቱ ይለያያሉ። ሃያ ደቂቃ አየኋቸው። ንቅንቅ አላሉም። ታንኳ መጥቶ ወሰደንና ዓሣ ጥብሳችንን በልተን ተኛን።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ቀሰቀሰኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የለችም» አለ።

ነበረች። ግን ሐይቁ መሀል ላይ። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ብሎ እሷ እንደ ነጭ ወፍ ቁጭ ብላለች። ታንኳ ለምነን ደረስንባት። ገመዱ ከአፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወርዷል። 50 ሜትሩም አልቆ መልሕቁ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ መሬት አልነካም። ተጋግዘን ጎተትነው። እጃችን ደነዘዘ። መጨረሻ ላይ አራቱ ጥፍሮች ብቅ አሉ። ጭቃ የሚባል የለባቸውም፤ አንዱ ላይ ብቻ ቀጭን አረንጓዴ ሣር ተጠምጥማለች። ያችን ሣር ሳያት ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። የጓደኛዬ ጥሪት ሁሉ እዚያች ጀልባ ላይ ነው።

አዛውንቱ ሲሰሙ አልደነገጡም። «ቀን ሐይቁ ወደ ተራራው ይተነፍሳል፤ ማታ ተራራው ወደ ሐይቁ» አሉ። ነገሩ ልክ እንዳሉት ነው። ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል፣ አየሩ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሌሊት የተራራው አየር ይቀዘቅዝና ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳል። ነፋሱ ሲዞር ጀልባዋም መልሕቋን ዞረች። ማታ ከዳር በኩል የነበረችው በጥልቁ በኩል ሆነች።

ጣና ላይ ብትዞርም ችግር የለውም፤ ታችኛው መሬት ሜዳ ነው። እዚህ ግን ከዳር ጥቂት ሲርቁ ቁልቁለት ነው። ቀን መልሕቁ የሚሳበው ወደ ዳገት ስለሆነ ይበልጥ ይነክሳል። ሌሊት የሚሳበው ወደ ቁልቁለት ነው። መሬቱ ከሥሩ እየሸሸ ስለሚሄድ ገመዱ መልሕቁን አጋድሞ አይስበውም፤ ነቅሎ ያነሳዋል። አንዴ ከተነቀለ ደግሞ የሚይዘው መሬት የለም። በ80 ሜትር ላይ በሰባት እጥፍ ስሌት 560 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። ያን ያህል ገመድ የት ይጫናል?

መላውን የነገሩን እሳቸው ናቸው። ዳር ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ለሌሊቱ ነፋስ ከዋርካው ግንድ ገመድ፤ ለቀኑ ነፋስ ከወደ ሐይቁ መልሕቅ። ጀልባዋ በሁለቱ መሀል ትቆማለች። መልሕቁ ወደ ዳገት እንጂ ወደ ቁልቁለት አይሳብም። ጓደኛዬ በሚኒባስ ደሴ ወጥቶ 5 ሜትር ሰንሰለትና ተጨማሪ ገመድ ገዝቶ መጣ። ሰንሰለቱን መልሕቁና ገመዱ መሀል ጨመርነው። ክብደቱ የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ ድንጋይም አይቆርጠውም። ጀልባ ስንገዛ ስለ ሞተሩ ጉልበት ሺህ ጊዜ እንጠይቃለን። ስለ ገመዱና ሰንሰለቱ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ጀልባዋን ውሃ ላይ ባወረድን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ወንድ ብቻ ነው። ስንጠጋ ጓደኛዬ ሞተሩን ይዟል፣ እኔ ገመዱን። ዳሩን ትቶ ዞረ። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መለሰ። ነካ፣ መለስ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ዳር ቆመው የሚያዩን አንድ አባት ገመዱን ተቀበሉን።

በአራተኛው ቀን ደሴ ወጣሁ። ሌሊት ላይ የአልጋ ቤቱ ቆርቆሮ መንኳኳት ጀመረ። የጦሳ ተራራ ነፋስ ነው። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ተኝቶ ይሆናል ብዬ እያሰብኩም ደወልኩለት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ዋርካው ሥር ነኝ» አለኝ። «ባትሪ ይዣለሁ። ገመዱ ጠብቋል፣ እሷም ቦታዋ ላይ ናት።»

ከጀርባው የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ጋሼም አብረውት እንዳሉ ነገረኝ።