አድራሻ በእርሳስ

ዛሬ ክሊኒክ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ መጣች። (መለያ የሚሆነውን ቀይሬዋለሁ።) ፎስተር ኬር ነው የምታድገው፤ ማለትም መንግሥት በሚያስቀምጣት ሰው ቤት። ቅጹ ላይ ስሟን በእስክሪብቶ ጻፈች። አድራሻው ጋ ስትደርስ እርሳስ ጠየቀችኝ። "ዘንድሮ ይሄ ሦስተኛ ቤቴ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል።

አብራት የመጣችው ሶሻል ወርከር ልትገባ ስትነሳ ልጅቷን ጠየቅኳት። "ብቻዬን" አለች። በሩን ዘጋሁት። የወሊድ መከላከያ ፈልጋ ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ በሕጉ ለዚህ የራሷ ፈቃድ ይበቃል። ደግማ አስነገረችኝ። ቤቷን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚመርጥላት።

ግፊቷን ከመለካቴ በፊት "ክንድሽን ልያዘው?" ስላት ሳቀች። እኔም አገር ቤት ስሠራ "ነይ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ" ነበር የምለው፤ እውነቱን ልናገር።

ስትወጣ እርሳሱን መለሰችልኝ። "ያዢው" አልኳት።