ከፊት በፊት እግር፦ ዣክ ታቲ ተዋናይ የሚመርጥበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ለኮሜዲ ፊልም ኦዲሽን ሲጠራ አሠራሩ የታወቀ ነው። ለአመልካቹ አንድ ገጽ ንግግር ይሰጠዋል፣ ካሜራው ከደረቱ በላይ ይይዘዋል፣ ያነባል። ምላሱ የፈጠነና ተረብ የሚችል ያልፋል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ሳቃችን ከጥንትም በጆሮ የሚገባ ነው። ቅኔውም፣ የአዝማሪው ግጥምም፣ የአራዳ ልጅ ተረብም የቃል ጥበብ ናቸው። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ዣክ ታቲ (እ.ኤ.አ. 1907–1982) ግን በሌላ በር ነው የገባው። የሠራቸው ረጃጅም ፊልሞች ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሰው የመረጠውም በአረማመዱ፣ በአቋቋሙ፣ ወንበር ላይ በአቀማመጡ ነው። ይህ መንገድ ለእኛ ከተማ ከምንገምተው በላይ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ፒያሳ ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ምክንያቱን ያየዋል፤ የአላፊ አግዳሚው ሰውነት አፉ ሳይከፈት ብዙ ያወራል።

ታቲ ወደ ፊልም የመጣው ከመድረክ ነው። በ1930ዎቹ በፓሪስ የሙዚቃ አዳራሾች ያለ አንዳች ቃል ስፖርተኞችን እየመሰለ ያሳይ ነበር፤ ቴኒስ ተጫዋች፣ ቦክሰኛ፣ በረኛ፣ ፈረስ ጋላቢ። ደራሲዋ ኮሌት በ1936 ይህን ትርኢት አይታ የተደነቀችው አንዱ ሰው ፈረሱንም ጋላቢውንም በአንድ ጊዜ መሆን በመቻሉ ነው። ኋላ ላይ ዳይሬክተር ሆኖ ሰው ሲመርጥ የሚፈልገውም ያንኑ ነው፤ ወገቡ፣ ጉልበቱና ተረከዙ የሚናገር ሰው።

ከፊልም ሰዎች ሁለቱ መምህሮቹ ጎልተው ይታያሉ። አንዱ የአገሩ ሰው ማክስ ሊንደር ነው፤ ለባሽና ጨዋ ሆኖ ሳለ ጨዋነቱ ራሱ ጣጣ ውስጥ የሚከተውን ገጸ ባሕርይ የፈጠረ። ሌላው የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮሜዲያን የነበረው አሜሪካዊው በስተር ኪተን ነው። ከኪተን የተማረው ርቀትን ነው። በ1928ቱ ፊልሙ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ውስጥ የቤቱ ግንባር በሙሉ ኪተን ላይ ሲወድቅ፣ እሱም በመስኮቱ ቀዳዳ ሲተርፍ፣ ካሜራው ራቅ ብሎ ቤቱንም ሰውየውንም ባንድ ላይ ባይዝ ኖሮ ማንም አያምንም ነበር፤ ካላመነ ደግሞ አይስቅም። ታቲ «አጎቴ» (1958) ኦስካር ባገኘለት ጊዜ ሆሊውድ ውስጥ ማየት የፈለገው የዘመኑን ኮከቦች ሳይሆን የድሮውን ኮሜዲ አንጋፎች፣ ማክ ሴኔትን፣ ኪተንንና ስታን ሎሬልን ነበር።

ከቻፕሊን የሚለይበትን ነጥብ ታቲ ራሱ በአንድ ትዕይንት አስረድቶታል። በ«የሙሴ ኡሎ ዕረፍት» (1953) ውስጥ ታቲ ራሱ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ኡሎ መቃብር ስፍራ ውስጥ ጎማ ሲቀይር ከመነዳሪው (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) መሬት ላይ ይወድቅና ቅጠል ይለጠፍበታል። የቀብሩ ሰው የአበባ ጉንጉን መስሎት ተቀብሎ ይወስደዋል። ቻፕሊን ቢሆን ቅጠሉን ሆን ብሎ ለጥፎ ከችግሩ ያመልጥበት ነበር፤ ተመልካቹም ለብልሃቱ ያጨበጭብለት ነበር። ኡሎ ግን ምንም አላሰበም። ነገሩ ደረሰበት።

የተዋናይ ምርጫው ከዚህ ይመነጫል። ቀልዱን የሚፈጥረው ኮሜዲያኑ ከሆነ አንድ ብርቱ ኮሜዲያንና ዙሪያውን የሚቆሙ አጃቢዎች ይበቃሉ። ቀልዱ በማንም ላይ የሚደርስ ከሆነ ግን የቆመው ሁሉ፣ ያለፈው ሁሉ፣ ከበስተኋላ ጋዜጣ የሚያነበው ሁሉ መመረጥ አለበት። ለዚህ ነው «ዡር ደ ፌት»ን (1949) በሳንት ሴቬር መንደር ሲቀርጽ ነዋሪዎቹን ያሰለፈው። በ«ፕሌይታይም» (1967) ዋናዋን ሴት የተጫወተችው ባርባራ ዴኔክ ፈረንሳይ ውስጥ በሰው ቤት ልጅ ትጠብቅ የነበረች ጀርመናዊት ወጣት ናት። አሜሪካውያን ቱሪስቶቹን ሲፈልግም ፓሪስ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ የአሜሪካ ጦር መኮንኖችን ሚስቶች ነው ያመጣው። በ«ትራፊክ» (1971) ደግሞ ማሪያ ኪምበርሊ የምትባል ሞዴል አለች። ሞዴል ስትራመድ ከመኪና ወርዳ ካርቶን ከሚያነሳ ሰው ጋር ምን ያህል እንደማትገጥም ፊልሙ ይጠቀምበታል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ይስታሉ። «ሙያተኛ ያልሆነ ሰው ተጠቀመ» ሲባል «ሰዎቹን እንደፈቀዳቸው ለቀቃቸው» ተብሎ ይሰማል። እውነቱ ሌላ ነው። ታቲ የእያንዳንዱን ሚና ራሱ ተጫውቶ ያሳይ ነበር፤ ተመራጩም ያየውን ይደግማል። ሰውየው የሚያመጣው አካሄዱን ነው፤ ስንት እርምጃ፣ የት ቆሞ፣ መቼ ዞሮ የሚለው ግን ከዳይሬክተሩ ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን የያዘ ፊልም አይሳካም። ጥሩ አካሄድ ያለው ሰው ያለ ቆጠራ ሲለቀቅ ትዕይንቱ ይዝረከረካል፤ ቆጠራው ያለ አካሄድ ሲሆን ደግሞ ሰልፍ ይመስላል።

ስለ ኡሎ ልብስ ትንሽ ልበል። ሱሪው አጭር የሆነው ለማሳቅ ብቻ አይመስለኝም። ሱሪ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ሲል እግሩ የት እንዳረፈ ከሩቅ ይታያል፤ ባለ መስመሩ ካልሲም ዓይንን ወደዚያው ይጎትታል። ፒፓው አፉን ስለሚይዝ ንግግር ይቀንሳል። ልብሱ ሁሉ ለርቀት የተሰፋ ነው። የታቲን ተጽዕኖ በግልጽ የሚናገረው ሮዋን አትኪንሰን በእኛ አገር በሚስተር ቢንነቱ ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። እሱ ግን ፊቱን ይዞ ወደ ካሜራው ተጠጋ፤ ታቲ ደግሞ ከፊልም ወደ ፊልም እየራቀ ሄደ። «ፕሌይታይም» ላይ ሲደርስ ኡሎን ራሱን ከሕዝቡ ጋር ቀላቀለው፤ ኡሎ የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችንም በየቦታው አቁሞ ተመልካቹን አሳሳተ። ከተማውን ከመሠረቱ አስገንብቶ በ70 ሚሊ ሜትር ቀረጸው፤ በዚሁም ከሰረ፣ የፊልሞቹን መብት ሳይቀር አጣ። ሥራውን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው በዚህ ፊልም ነው።

ይህን ወደ እኛ መንገድ ስናመጣው መጀመሪያ የሚቀየረው ኦዲሽኑ ነው። ወረቀቱን አስቀሩት። ስልክ በትሪፖድ ላይ አድርጉና ከሰውየው 7 ሜትር ራቁ። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ በፉል ፍሬም ካሜራ (ዳሳሹ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ላይ ካለ የ26 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ በዚህ ርቀት ምስሉ ወደ 9.5 ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል፤ የሰውየው ቁመትም የምስሉን ከፍታ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስና በፉል ፍሬም ካሜራ ይህንኑ መጠን ለማግኘት 9 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይጠይቃል። ሰውየው ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ሰባት ስምንት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህ ለመፍረድ ይበቃል።

ቦታው ሜዳ ይሁን። ቸርችል ጎዳና ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ የሚወጣው ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። ቁልቁለቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት አካሄድ ያድለዋል። እንደ ኡሎ ወደ ፊት ያዘመመ ሰው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሊወድቅ የደረሰ ነው የሚመስለው፤ ተመልካቹ ይሰጋለታል እንጂ አይስቅም። ጫማው የራሱ፣ የለመደው ይሁን። በአዲስ ጫማ የሚሄድ ሰው የጫማውን አካሄድ ነው የሚያሳያችሁ።

ከዚያ የሚሠራው ጉዳይ ስጡት። «አስቀን» አትበሉት። እኔ የምመርጠው ፈተና አግዳሚ ወንበር ነው። አመልካቹን ከሁለት ሰዎች መሃል አስቀምጡትና አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ይግቡ። አንዱ ብድግ ብሎ ይቆማል። ሌላው መቀመጫውን ሦስት ጣት ያህል ብቻ ያነሳል። ሌላው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚነሳ ይመስልና «ኖር» ብሎ ይቀራል፤ «በእግዜር» እስኪባል ድረስ እዚያው መሃል ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ሦስተኛውን ሰው ያዙት። «ፕሌይታይም» ውስጥ ኡሎ ቢሮ ሲጠብቅ ባለጉዳዩ ጂፋር ከረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ይመጣል፤ የጫማው ድምፅ ቀድሞ ይሰማል፤ ኡሎ ይነሳል፤ አዛውንቱ በረኛ «ገና ነው፣ ተቀመጥ» የሚል ምልክት ይሰጡታል። የእኛ «ኖር» ለዚህ ትዕይንት የተፈጠረ ይመስላል። በሩ በየሃያ ሰከንዱ የሚከፈትበት ወረፋ መጠበቂያ ላይ አምስት ሰዎች እንደየአነሳሳቸው ቢደረደሩ አንድም ቃል የማይፈልግ ትዕይንት ይወጣዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ በር ነው። ሁለት ሰው በአንድ በር «አንተ ቅደም፣ አይሆንም፣ ኧረ በእናትህ» ሲባባል ትከሻው ምን ያደርጋል? ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ የመስታወት በር ሲሆን መከባበሩ ከማሽኑ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛው ሰላምታ ነው፤ ቁመታቸው በጣም የሚለያይ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ አጭሩ በጣቱ ይቆማል ወይስ ረጅሙ ይጎነበሳል?

የተቀረጸውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ቀጥሎ ምስሉን አውራ ጣት እስኪያህል አሳንሱና ማን ማን እንደሆነ መለየት ከቻላችሁ ሰውየው ሰውነት አለው ማለት ነው። ከዚያ እርምጃ ቁጠሩ፤ የ15 ሰከንዱን በአራት ማባዛት ነው። አብዛኛው ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይረግጣል። ለአንድ ትዕይንት የመረጣችኋቸው ሁሉ በዚህ መሃል ከወደቁ ሥዕሉ ይደነዝዛል። አንድ 85 የሚረግጥና አንድ 135 የሚረግጥ አግኝታችሁ አጠገብ ለአጠገብ አስኪዷቸው።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ታዋቂ ኮሜዲያን ይዛችሁ ፒያሳ ከወጣችሁ በሁለት ደቂቃ ሰው ይከባችኋል፤ ከበስተኋላ ያለው ሁሉ ወደ ካሜራው ያያል። የታቲ ዓይነት ሾት ደግሞ ከበስተኋላው ከሞተ ሞተ። ያልታወቀ ሰው ይህን ያድናችኋል። ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ ለኋለኛው ወንበር ስለለመደ እንቅስቃሴውን ያጎላል፤ ችሎታው ሳይነካ ግማሹን እንዲቀንስ ከማድረግ ይልቅ እጁን በዕቃ መያዝ ይቀላል፤ ዣንጥላ፣ ፌስታልና የባንክ ደብተር የያዘ ሰው ማጋነን አይችልም። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ደረጃ የሚያስሮጥ ትዕይንት ስትደጋግሙ ሰውየው በአራተኛው ቴክ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይራመዳል። ልምምዱን በዝግታ አድርጉና ሩጫውን ለቀረጻ አስቀሩለት። አራተኛውና ትልቁ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ይጠብቃል፤ «ፊቱ አይታይም» ተብሎ ክሎዝአፕ ይገባል፣ በሩቁ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል። ዳይሬክተሩ ክሎዝአፕ ካልቀረጸ ማንም ሊያስገባው አይችልም።

ብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ መስታወት የለበሱት የባንክ ሕንፃዎች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ቴአትር ቤቱን ራሱን ያጠናቀቀው የታቲ አገር ሰው፣ አርክቴክቱ አንሪ ሾሜት ነው፤ ታቲ የሚቀልድበት ዘመናዊነት ለዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም። የፈቃድ ደብዳቤ ሳትይዙ ግን አትቁሙ፤ የባንክ ጥበቃ ካሜራ ሲያይ ዝም አይልም። መስታወቱ የቀረጻውን ቡድን እንዳያንጸባርቅ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ይረዳል፤ የሚሠራው ግን ካሜራው ከመስታወቱ ገጽ ጋር 35 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ፊት ለፊት ከቆማችሁ ምንም አይፈይድም። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ብርሃን በጎን ስለሚመጣ ቅርጹን ይለያል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ሰውና ጥላው ይጨፈለቃሉ።

የወያላውን ጥሪና ጥሩምባውን አትታገሉት። ታቲ የፊልሞቹን ድምፅ ከቀረጻ በኋላ እንደ አዲስ ነበር የሚሠራው። የተዋናዩን ጫማ ውሰዱና ሌሊት፣ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ፣ ማይኩን አንድ ሜትር አርቃችሁ በድንጋይ፣ በእንጨትና በሴራሚክ ላይ ቅዱት። በ24 ፍሬም አንዱ ፍሬም 42 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ድምፁ በዚያች ልክ ቢዘገይ ያልፋል፣ ከእግሩ ከቀደመ ግን ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ አጉሉ፤ ሁሉም ከተሰማ የተመልካቹ ዓይን የት እንደሚሄድ አያውቅም።

ሰው እንዴት እንደተመረጠ ለማየት የሚሻለው የ«ፕሌይታይም» የምግብ ቤት ክፍል ነው። በስልክ አትዩት፤ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ፕሮጀክተር ወይም ትልቅ ቴሌቪዥን ፈልጉ። መጀመሪያ እንዲሁ እዩት። ሁለተኛ ጊዜ ወንበር ሱሪውን የቀደደበትን አስተናጋጅ ብቻ ተከተሉ፤ ሌሎቹ የተበላሸባቸውን ሁሉ፣ ኮቱንም፣ ጫማውንም፣ ክራባቱንም እያመጡ ከእሱ ጋር ይለዋወጣሉ። ሦስተኛ ጊዜ ዓሣውን ተከተሉ። አንዱ አስተናጋጅ ይቀምመዋል፣ ይሄዳል፤ ሌላው መጥቶ እንደገና ይቀምመዋል፤ ያዘዙት ሰዎች አይደርሳቸውም።