የቬርዲን ኦቴሎ ከትያትሩ ጋር እያስተያየሁ ጨረስኩት

ሰላም ጓደኞች፣ ከትያትር የተሰሩ ኦፔራዎችን ዋናውን ድርሰት እያነበብኩ እየሰማሁ ነው ብዬ ነግሬአችሁ ነበር፣ አሁን ከሼክስፒር ትያትር የተሰራውን ኦቴሎን ጨርሻለሁ። የሎሬት ጸጋዬን የአማርኛ ትርጉም ይዤ አንድ ገቢር አነባለሁ ከዛ ያንኑ ኦፔራው ላይ እሰማለሁ፣ ለጀማሪ በጣም የሚያግዝ ነገር ነው ሞክሩት።

ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቬርዲ ኦቴሎን እ.ኤ.አ. በ1887 ሚላን ላ ስካላ ኦፔራ ቤት ሲያቀርብ 73 ዓመቱ ነበር። የኦፔራውን ግጥም የጻፈለት ቦይቶ የቬኒሱን የመጀመሪያ ገቢር ሙሉ በሙሉ አውጥቶታል፣ በቀጥታ ቆጵሮስ ላይ ከነማዕበሉ ነው የሚጀምረው። ሲዘፈን ቃሉ ስለሚረዝም መቆረጡ የግድ ነው። ግን ኦቴሎ ሸንጎ ፊት ስለ መከራዬ ወደደችኝ እኔም ስላዘነችልኝ ወደድኳት የሚለውን አልጣለውም፣ የኦቴሎና የሚስቱ የዴዝዴሞና ዱየት (የሁለት ሰው ዘፈን) ውስጥ አስገባው፣ እዛ ላይ ለዳኞች ሳይሆን ለራሷ ይነግራታል እሷም ያንኑ ቃል ትመልስለታለች። እኔ ከትያትሩ ይልቅ እዚህ ጋ ነው ፍቅራቸው የገባኝ።

ደጋግሜ የሰማሁት ሁለተኛው ገቢር ላይ ያለውን ኳርቴት (አራት ሰው ባንድ ላይ የሚዘፍነውን) ነው። ትያትሩ ላይ ኦቴሎ ለዴዝዴሞና የሰጣት መሀረብ ይወድቃል፣ ባልና ሚስቱ ይወጣሉ፣ የያጎ ሚስት ኤሚልያ ታነሳዋለች፣ ኦቴሎን በቅናት የሚያሳስተው ያጎ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ኦፔራው ላይ ግን ሁሉም ባንዴ ነው፣ ዴዝዴሞና ይቅር በለኝ እያለች ረዘም ባለ ዜማ ትለምናለች፣ ኦቴሎ ለብቻው ይብሰለሰላል፣ በዚሁ መሀል ያጎ ሚስቱን በፈጣን አጫጭር ቃል እያዋከበ መሀረቡን ይነጥቃታል። መድረክ ላይ አራት ሰው ባንዴ ቢናገር ማን ምን እንዳለ አይለይም፣ ሙዚቃ ግን ይሄን ይችላል!! መጀመሪያ የሷን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፣ ሲደገም ያጎን ብቻ፣ ከዛ ሁሉንም ባንድ ላይ።

አራተኛው ገቢር ደግሞ ኦቴሎ ዴዝዴሞናን ሊገላት ሲገባ ትያትሩ ላይ ረጅም ንግግር አለው፣ ቬርዲ አንድ ቃል አላስተነፈሰውም። የዴዝዴሞና ጸሎት እንዳለቀ ደብል ቤዞቹ (ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ ባለክር መሳሪያዎች) ብቻቸውን ከታች ይነሳሉ፣ ሲስማት የዱየቱ የመሳም ዜማ ይመለሳል። ይሄን በጥሩ ኤርፎን ስሙት፣ በስልክ ስፒከር ደብል ቤዙ ይጠፋል።

ቀጣዩ የዚሁ የቬርዲ ሪጎሌቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1832 ፓሪስ ላይ አንዴ ብቻ ታይቶ ከታገደው የፈረንሳዊው ደራሲ የቪክቶር ሁጎ ትያትር የተሰራው፣ እሱም ሶስተኛው ገቢር ላይ ኳርቴት አለው። አብሮኝ የሚጀምር ካለ ይጻፍልኝ።