ድምፅ የሚባክነው የት ነው?

«የማያሸንፍ መምረጥ ድምፅን ገደል መክተት ነው» ሲባል ደስ አይለኝም። ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ ስለ እኛም ምርጫ፣ አሜሪካ ስላሉ ዘመዶቻችንም ምርጫ ሲወራ ይቺው አባባል ትነሳለች። ቀጥሎ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይመጣና ክርክሩ ይዘጋል። ሰይጣኑን ለመምረጥ የሚያስገድድ ሁኔታ መኖሩን አልክድም። ግን ሁሌም፣ ሁሉም ቦታ አይደለም፤ ድምፁ የሚቆጠርበትን ቦታ ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ የሚለየው በግዛት በግዛት በሚቆጠር ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሸናፊውን የለየችው ፍሎሪዳ ስትሆን፣ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ እዚያ ዴሞክራቱን አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነበር። የአረንጓዴ ፓርቲው ራልፍ ኔደር እዚያው ግዛት 97,488 ድምፅ አገኙ። ከኔደር መራጮች ከየ180ው አንዱ ብቻ ለጎር ሰጥቶ ሌላው ሁሉ ቤቱ ቢውል ኖሮ ፕሬዚዳንቱ ጎር ነበሩ። ወቃሾች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን የኔደር ዘመቻ ምን ይፈልግ እንደነበርም ማየት ተገቢ ይመስለኛል። በአሜሪካ ሕግ የአነስተኛ ፓርቲ እጩ በአገር አቀፍ ድምር 5 በመቶ ካገኘ ፓርቲው ለቀጣዩ ምርጫ የፌዴራል ገንዘብ ይደርሰዋል፤ ኔደር 3 በመቶም አልሞሉም። ለዚያ 5 በመቶ የሜሪላንድም የፍሎሪዳም ድምፅ እኩል ይደመራል፣ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም። ሜሪላንድ ላይ ዴሞክራቱ በሰፊ ልዩነት ስለሚያሸንፍ ሦስተኛ እጩ የመረጠ ሰው ማንንም አይጥልም። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድሜ ቢጠይቀኝ ልብህ የወደደውን ምረጥ እለዋለሁ። ሁለቱ ፓርቲዎች በሚቀራረቡባት ፔንስልቬንያ ላለች እህቴ ግን ይህን ለማለት አልደፍርም።

ወደ እኛ ስንመጣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ያስቀመጠው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል። ግማሽ መሙላት የለበትም፣ ሁለተኛ ዙርም የለም። ከ100 መራጭ 40 ለአንዱ፣ 33 ለሌላው፣ 27 ለሦስተኛው ከሰጠ 60ው ያልፈለገው ሰው ምክር ቤት ይገባል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ይዘዋል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ከ436 መቀመጫ 410 ሲያገኝ ተፎካካሪዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

እኛ ጋ ሁለት ትልልቅ ፓርቲ ተፋጦ መራጩ መሀል አልገባም፤ ከአንድ ትልቅ ፓርቲ ፊት የተበታተኑ ትንንሾች ናቸው ያሉት። ስለዚህ የባሰውን ለማስቀረት ለማን ልስጥ ከሚለው ይልቅ ከትንንሾቹ ማን ለማን የምርጫ ክልሉን ይልቀቅ የሚለው ይቀድማል። ነገሩ የሚበላሸው ደግሞ በጊዜ ነው። እያንዳንዱ ፓርቲ ሌላው ይለቅልኛል ብሎ ሲጠብቅ የእጩ ምዝገባ ያልቃል። ወረቀቱ ከታተመ በኋላ አንዱ «ትቻለሁ» ቢል ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ወሬው ያልደረሰው መራጭም እሱኑ ይመርጣል። ስምምነት ካለ ከምዝገባ በፊት መሆን አለበት።

መራጩ ማድረግ የሚችለው የሚጀምረው ያለፈውን ውጤት ከማወቅ ነው። በየምርጫ ጣቢያው የሚለጠፈውን ውጤት በስልክ አንስቶ ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም። አንደኛውና ሁለተኛው ተቀራርበው ከሆነ ከሁለቱ የሚሻለውን መምረጥ ትክክል ነው እላለሁ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ራስን ማስገደድ ትርጉም የለውም። ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት ወረቀት ለየብቻ ነው። አንዱ ላይ ተስልቶ ሌላው ላይ ለወደዱት መስጠት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም ሳያስብ ለአንድ ፓርቲ ይሰጣል።

ለትንሽ ፓርቲ የሚቀሰቅስ ሰው ከፓርቲው ስም ይልቅ ምልክቱን ያስተምር፤ አዘዞ ያሉ እናት ወረቀቱ ላይ የሚፈልጉት ሥዕሉን ነው። የ«X» ምልክቱ ወይም የአውራ ጣት አሻራው ሳጥኑ ውስጥ ይረፍ። በተወካዮች ምክር ቤት ወረቀት ላይ ለሁለት እጩ ምልክት ማድረግ ድምፁን ዋጋ አልባ ያደርገዋል። በጣት የሚፈርም ሰው ቀለሙ እስኪደርቅ ትንሽ ይታገስ፤ እርጥቡ ሲታጠፍ የሌላ እጩ ሳጥን ላይ ያትማል፣ ቆጠራ ላይም ያጨቃጭቃል።

ለተሸነፈ እጩ የተሰጠ ድምፅም ተቆጥሮ ይለጠፋል። 33 እና 27 ያገኙት ፓርቲዎች ለቀጣዩ ምርጫ ሲነጋገሩ ማን ይልቀቅ የሚለውን በክርክር ሳይሆን በዚያ ቁጥር መጨረስ ይችላሉ፤ ያ ቁጥር የሚኖረው ግን ባለፈው ጊዜ ሰው ወጥቶ ከመረጣቸው ነው።